የጡሩምባ ነፊው ትንፋሽ

አስረስ ሰው የገደለው በ1976 ዓ.ም. መጋቢት ውስጥ፣ በሑዳዴ ነው። የገደለው በጡሩምባ ነው። የገደላት ሴት ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ያህል ኖራለች፤ እሱን ከመጠጥ ያወጣችውም እሷው ናት። ነገር ከመሐል ሲጀመር አይጥምምና ከሥሩ ላውራው።

እኔ ሙሉመቤት እባላለሁ። ቤቴ ከጎፋ ወደ ላፍቶ በሚወስደው መንገድ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው። አስረስ የዚያ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ነበር የሚሠራው። ቀኑን ሙሉ ዱቄት ሲቦንበት ስለሚውል ቅንድቡ ሁልጊዜ ነጭ ነው፤ ለማያውቀው ሽማግሌ ይመስላል እንጂ ያኔ ገና አርባ አምስት አልሞላውም። በወጣትነቱ ወታደር ነበር፤ ሥራው ግን ተኩስ ሳይሆን ጡሩምባ መንፋት ነው። ከኦጋዴን ጦርነት ሲመለስ አካሉ ደኅና፣ ጠባዩም ደኅና፣ ጉሮሮው ግን የማይጠግብ ሆኖ መጣ። ሚስት አላገባም፤ ዘመድ የሚባልም አልነበረውም። የነበረው የዕድራችን ጡሩምባ ብቻ ነው።

የዕድር ጡሩምባ ነፊነት እንደ ቀልድ የሚታይ ሥራ አይደለም። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ፣ መንደሩን እየዞረ ነፍቶ፣ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት መናገር አለበት። ድንኳን የሚተከለው፣ አግዳሚው የሚወጣው፣ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ከቤቱ የሚወጣው በእሱ ድምፅ ነው። አስረስ ደግሞ ሲያውቅበት! አንዴ ረዘም አድርጎ ይነፋና ዝም ይላል፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ መንደሩ በሙሉ ተነሥቶ አልጋው ላይ ይቀመጣል። አባቴ ሲሞቱ የነፋላቸው እሱ ነው፤ ያን ድምፅ ስሰማ፣ አባቴ በክብር ተሸኙ ብዬ ተጽናናሁ።

ግን ይጠጣል። ባሌ ደምሰውም አብሮት ይጠጣል። ደምሰው ቤት ቀለም ቀቢ ነው፤ እጁ ወርቅ ነው፣ ከምሳ በፊት ከሆነ። የሚጠጡት ወርቅዬ ቤት ነበር። ወርቅዬ አረቄ አውጥታ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጅም ያልወለደች የእኔ ዕድሜ እኩያ ናት። ቤቷ ከእኔ ቤት ሦስተኛው ነው፤ ደምሰው ግን ከእሷ ደጅ እኔ ደጅ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ይፈጅበት ነበር። ክፉ ሴት ብትሆን ጠልቻት ዐርፍ ነበር። እሷ ግን ስታመም ገንፎ ይዛ የምትመጣ፣ ጨው ሲያልቅብኝ ሳልጠይቃት የምትሰጠኝ ሴት ናት። እንዲህ ያለችን ሴት መጥላት ራሱን የቻለ ድካም ነው።

ያን ሰሞን ከወንዙ ማዶ እማማ አሰገደች ታመው ተኝተው ነበር። የሚያስታምማቸው ልጃቸው ውዳሴ ብቻ ናት። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ዐረፉ። ውዳሴም አስረስን ፍለጋ መጣች፤ የት እንደሚገኝ የማያውቅ የለም። ወርቅዬ በዚያ ሰዓት ቤቱን ለደንበኛ ትታ ውሃ ልትቀዳ ቦኖ ወርዳ ነበር፤ ቤት ውስጥ ያለው አስረስ ብቻ ነው። ውዳሴ ደጃፉ ላይ ቆማ እናቷ ማረፋቸውን፣ ቀብሩም በማግስቱ ስድስት ሰዓት ሀና ማርያም መሆኑን ነገረችው። አስረስም እግዚአብሔር ያጽናሽ ብሎ አብሯት አለቀሰ። እሷ ስትሄድ ኀዘኑን ለመርሳት ራሱ ቀድቶ ሁለት መለኪያ ጨመረ፣ ወርቅዬም ሳትመለስ ወጥቶ ሄደ። በአንደኛው ኀዘኑን ረሳ፤ በሁለተኛው የሟቿን ስም።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ ተነሣ። ቀርቶ አያውቅም፤ በዚህ አይታማም። ጭንቅላቱ ውስጥ የቀረው ግን ይህ ብቻ ነበር፦ ወርቅዬ ቤት ተቀምጧል፣ ሴት ታለቅሳለች፣ ዐረፉ ተብሏል፣ ወርቅዬ ደግሞ በቤቱ የለችም። አገናዘበና የራሱን ፍርድ ፈረደ። ጡሩምባውን ነፍቶ፣ ወይዘሮ ወርቅዬ ዐርፈዋልና ዕድርተኛ ሆይ ውጣ፣ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ሀና ማርያም ነው እያለ ከላይ እስከ ታች ዞረ። እንዲያውም ከወትሮው አሳምሮ ነበር የነፋው። ይወዳታላ።

እኔ ስሰማ ከአልጋዬ ዘልዬ ወረድኩ። ትናንት ደኅና የነበረች ሴት! ነጠላዬን አዘቅዝቄ እያለቀስኩ ወጣሁ። ግቢዋ ስደርስ መንደርተኛው ሞልቶታል፤ ወንዶቹ የድንኳኑን ቋሚ ይዘው እየገቡ ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፣ የእኔም እንባ ሳይጠሩት መጣ። ደረቴን እየመታሁ ሙሾ አወረድኩ፦

"ወርቅዬ እመቤቴ ደጅሽ ተዘጋ ወይ፣
ባሌስ ከእንግዲህ ወዲያ ቤቱ ይገባል ወይ።"

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ሴቶቹ ተቀበሉኝ፤ ባላቸው የሚጠጣባቸው በተለይ ከልባቸው ተቀበሉኝ።

ወርቅዬ በዚያ ሰዓት ጓሮ ሆና ጋን ታጥባለች፤ ጡሩምባውን እንጂ ስሙን አልሰማችም። ለቅሶ ከፊት ለፊት ሰማች። በእኛ ወግ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ማን እንደሞተ ኋላ ይጠየቃል። ጎረቤት ሞቶ ቦታ ቢጠብ ወደ እኔ ግቢ ገብተው ነው ብላ፣ እጇን አደራርቃ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በጓሮ በር ዞራ ከኋላችን ቆመች፤ እሷም ማልቀስ ጀመረች። ትንሽ አልቅሳ ትከሻዬን ነካ አደረገችና ማን ነው የሞተው አለችኝ። እኔም ዞር ሳልል፣ "ወርቅዬ ናት እንጂ፣ እህቴ" አልኳት። ከዚያ ዞር አልኩ።

የሆነውን ሁሉ ልናገር አልችልም፣ ወድቄ ነበርና። ስነቃ ሰዉ ገሚሱ ያማትባል፣ ገሚሱ መሬት ላይ ተቀምጦ ይስቃል። የድንኳኑን ቋሚ የያዙት ሰዎች ይትከሉት ይመልሱት ጨንቋቸዋል። አስረስ ጡሩምባውን በብብቱ ይዞ መሐል ግቢው ላይ ቆሟል፤ ወርቅዬን ያያል፣ መሬቱን ያያል።

ሳቃችን ብዙ አልቆየም። አምስት ሰዓት ሲሆን ውዳሴ ወንዙን ተሻግራ መጣች። ከንጋት ጀምሮ ከእናቷ አስከሬን ጋር ብቻዋን ተቀምጣ፣ ድንኳን ይመጣል ብላ፣ ሰው ይመጣል ብላ ስትጠብቅ ነው የቆየችው። አልጮኸችም። በሩ ላይ ቆማ ሁላችንንም አየችንና፣ "እናቴ ሰው አልነበራትም እንዴ?" ብቻ አለች። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። እየተሯሯጥን ቋሚውን ተሸክመን ተሻገርን፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

በሚቀጥለው እሑድ ዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ጠራ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ኦልጅራ ቃላቸው ጥቂት፣ ፍርዳቸው ቀጥ ያለ ሰው ናቸው። የወርቅዬን ነገር አላነሡትም፤ ያነሡት የእማማ አሰገደችን ባዶ ግቢ ነው። አስረስን አስነሥተው ፊታቸው አቆሙት። እሳቸውም ፈረዱ።

"ጡሩምባው ከድስቶቹ ጋር ይቀመጥ፤ ሰው ሲሞት ሌላ ሰው ይነፋዋል። ስድስት ወር ሳትቀምስ ከቆየህ መስከረም ላይ መጥተህ ውሰደው። ካልሆነ ስምህ ከዕድሩ ይሰረዛል። ምስክር ይዘህ ና፤ የጠጪ ምስክር ግን አንቀበልም።"

ከዕድር መሰረዝ ማለት ሲሞቱ የሚቀብር ማጣት ማለት ነው። ዘመድ ለሌለው ሰው ከዚህ የከፋ ፍርድ የለም። አስረስን ያቃጠለው ግን ጡሩምባው ከድስት ጋር መዋሉ ነበር። በእሱ ቦታ የተተካው ሰውዬ ሲነፋ የታመመ በሬ ይመስላል፤ አስረስ ያን ድምፅ ሲሰማ ሚዛኑን ጥሎ ሁለት ጆሮውን ይይዝ ነበር።

እናም መድኃኒት ፍለጋ ተነሣ። መጀመሪያ ሀና ማርያም ወርዶ ሰባት ቀን ጠበል ተጠመቀ። ሰባቱንም ቀን አልጠጣም፤ በስምንተኛው ቀን ጨረስኩ እንኳን ደስ አለህ ብሎ ራሱን ጋበዘ። ቀጥሎ ጤና ጣቢያ ሄደ። እዚያ ያለችው ነርስ ሲስተር ሣራ ዓይኑን ገልጣ አየችው፣ ምላሱን አየችው፣ ቫይታሚን ሰጠችው። ሊወጣ ሲል ግን አስቀመጠችውና ስትማር የሰማችውን ነገረችው። በውጭ አገር ጠጪዎች አንድ ቤት ይሰበሰባሉ አሉ፤ አንዱ ላንዱ ያለፈበትን ይናገራል፣ አንዱ አንዱን ይጠብቃል፣ በዚያም የሚድኑ አሉ። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ማኅበር እንዳለ አላውቅም፣ ጠይቅ አለችው።

አስረስ የታዘዘውን የሚፈጽም ወታደር አይደል፣ መጠየቅ ጀመረ። ከጎፋ እስከ ላፍቶ እየዞረ፣ የጠጪዎች ማኅበር የት ነው የሚሰበሰበው ይላል። ሰው ደግሞ ደስ ብሎት ያሳየዋል። አንዱ ወደ ጠጅ ቤት ይመራዋል፣ ሌላው ወደ ጠላ ቤት፤ አንዱማ እጁን ይዞ አድርሶት አብሮት ሊቀመጥ ምንም አልቀረውም። ማኅበርተኛ ነን ያሉትም ሰዎች አልጠቀሙትም። የትኛው ማኅበር ነው ጽዋው ጠላ የሌለበት? በሦስተኛው ቀን ደክሞት ወርቅዬ ደጅ ደረሰ።

የወርቅዬ ደጅ ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ዝግ ነበር። ምን እንደሆነች ያወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ በሦስተኛው ቀን ቤቴ መጥታ ነግራኛለች። እኔ ሙሾዬን ሰምታ ተቀይማለች ብዬ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ስመኝ፣ እሷ ቁጭ ብላ እንዲህ አለች፦

"በጠላትነት ብትይው ቂም ይዤብሽ እኖር ነበር። አንቺ ግን ለእኔ ከልብሽ እያለቀስሽ ነው ባሌ ቤቱ ይገባል ወይ ያልሽው። ሰው በሞቱ የሚባልለትን በቁሙ አይሰማም፤ እኔ ሰማሁ። ሁለተኛ እንዲያ ተብሎልኝ አልቀበርም።"

ተቃቅፈን አለቀስን። ስንት ዓመት ልጠላት ስታገል የኖርኩትን ሴት ያን ቀን በግልጽ ወደድኳት።

እንግዲህ አስረስ አንኳኳ። ወርቅዬ ከፈተች። አረቄ ፈልጎ መስሏት የለም አለችው። እሱም አረቄ አይደለም፣ መጠጥ ለመተው የሚሰበሰቡ ሰዎች የት እንዳሉ ታውቂ እንደሆነ ብዬ ነው አለ። ወርቅዬ አየችው። ነጭ ቅንድቡን፣ ጡሩምባ የሌለበትን ብብቱን አየች።

"እዚሁ ነው" አለችው። "ግባ።"

ገብቶ ተቀመጠ። ሌሎቹስ ቢላት እየመጡ ነው አለች። ከዚያ በጓሮ በር ወጥታ ወደ እኔ ሮጠችና ባልሽን ስጪኝ አለችኝ። ደምሰውን ወደ ወርቅዬ ቤት ገፍቼ የላክሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ሮበሌ ነው። ከፉሪ በአህያ ድንጋይ እያመጣ ለግንበኞች ይሸጥ ነበር። የወርቅዬ ደጅ ሳይዘጋ በፊት ሲመለስ ጎራ ሳይል አያልፍም ነበር፤ ያን ዕለት በሩን ተከፍቶ አይቶ ጎራ ሲል ሻይ ቀርቦለት ደነገጠ። ምስክሯ ደግሞ ከድጃ ሆነች። ከድጃ ጨርቅ የሚነግደው የሱልጣን ሚስት፣ የግድግዳ ጎረቤታችን ናት። በመንደራችን ያልጠጣ ሰው ይምጣ ቢባል ከእሷና ከባሏ በቀር የሚቆም አልነበረም። እናቷ የወሎ ሰው ስለሆኑ ቀሪቦ መሥራት ትችላለች፤ ቀሪቦ ከተቆላ ገብስ የሚወጣ፣ መልኩ ጠላ የሚመስል፣ የማያሰክር መጠጥ ነው። አፍንጫዋ ደግሞ አንድ መለኪያ አረቄን ከአጥር ማዶ ይለያል።

ማኅበሩ እንዲህ ተጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባሉ። በሩ ላይ ከድጃ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ የሚገባ ሁሉ ጎንበስ ብሎ እፍ ይልላታል። ካልሸተተ ገብቶ እንደ ልቡ ይቀመጣል። ከሸተተም አይባረርም፤ ይህን ያለችው ወርቅዬ ናት። በሩ አጠገብ ይቀመጥና ከሁሉ በፊት እሱ ይናገራል። ቀሪቦው የሚቀዳው ለሁሉም እኩል ነው።

መጀመሪያ መናገሩ ጨነቃቸው። አስረስ በአባታችን ሆይ እንጀምር አለ፤ ከድጃ እኔስ አለች፤ እያንዳንዱ በልቡ ይጸልይ ተባለ። ከዚያ ሦስቱ ወንዶች ለቀብር የመጡ ይመስል አቀርቅረው ተቀመጡ። ቀድሞ የተናገረው ሮበሌ ነው። አንድ ቀን ጠጥቶ ወደ ፉሪ ሲመለስ የሌላ ሰው አህያ እየነዳ ገብቶ፣ በነጋታው በሌብነት ሊከሰስ ሲል የአህያው ባለቤትም ሰክሮ የእሱን አህያ ይዞ መገኘቱን አወራ። "ዱጋ!" አለ፣ እውነቴን ነው ለማለት። ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ደምሰው የእኔን ስም ጠርቶ የሆነ ነገር ተናገረ። እኔ ከውጭ ግድግዳው ላይ ተጠግቼ ሰምቻለሁ፤ ምን እንዳለ ግን አልጽፈውም።

ያን ጊዜ ደግሞ አምስት ሰው ያለ ፈቃድ ተሰብስቦ የሚታለፍበት ዘመን አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ወጋየሁ ሁላችንንም አስጠሩን። የምን ስብሰባ ነው አሉ። ማኅበር ነው አልን። የትኛው ቅዱስ ማኅበር ቢሉ የማንም ቅዱስ አይደለም ተባሉ፤ ይህ ይበልጥ አስጠረጠረን። ጠላ የለውም ሲባሉማ ተነሥተው ቆሙ፤ ያለ ጠላ ሰው ምን ሊያደርግ ይሰበሰባል? በመጨረሻ የውይይት ክበብ ተብለን እንድንመዘገብና በየሳምንቱ ቃለ ጉባኤ እንድናቀርብ አዘዙ። እኔ በመሠረተ ትምህርት ማንበብና መጻፍ ተምሬ የምስክር ወረቀት ስለነበረኝ ጸሐፊ ሆንኩ። አንዱን ቃለ ጉባኤ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፦ "በዛሬው ዕለት ሦስት አባላት እፍ ብለዋል። ሁለቱ አልሸተቱም። ደምሰው ሸቷል፤ በር ላይ ተቀምጦ ተናግሯል። ቀሪቦ ተጠጥቷል። ኢምፔሪያሊዝም ይውደም።"

ይህን ሲያነቡ ኖረው ኖረው ሰኔ ላይ ጓድ ወጋየሁ ራሳቸው ሊጎበኙን መጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ከድጃ ከበርጩማዋ አልተነሣችም። "እፍ ይበሉ፣ ጓድ" አለቻቸው። ሰውዬው መሣሪያ ታጥቀዋል፤ እኔ ወስፌና ስፌት ይዤ የተቀመጥኩበት ደርቄ ቀረሁ። እሳቸው አፋቸውን ገጥመው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ አስቸኳይ ስብሰባ አለብኝ ብለው ተመለሱ። ያሸተተችው ከድጃ ብቻ ናት፤ እሷም ለማንም አልተናገረችም። በሦስተኛው ሳምንት መሣሪያቸውን ቤት አስቀምጠው መጡ፣ እፍ አሉና ማንም ሳያሳያቸው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። የስኳር ራሽናችንም ከዚያ ወዲህ ሳይጓደል ይደርሰን ጀመር፤ ወርቅዬም በዚያ ስኳር ሻይ ቤት ከፈተች።

አስረስ አራት ወር ደረሰ። ፊቱ ሞላ፤ ወፍጮ ቤት ሲውል እጁ ሚዛኑ ላይ አይንቀጠቀጥም። መስከረም ደርሶ ጡሩምባውን ተረክቦ ሲነፋ በጆሮዬ ይሰማኝ ነበር። ሐምሌ አሥራ አራት ቀን ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አልመጣም። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ያን ጠዋት የሚያውቀው የጦር ሜዳ ጓደኛው ሞቶ፣ ያ የታመመ በሬ ነፍቶለት እንደነበረ ኋላ ነው የሰማነው። ወርቅዬ ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች። ስድስት አረቄ ቤት ፈልጋ ጎፋ ውስጥ በሰባተኛው አገኘችው። የአረቄ ቤቱ ባለቤት ጥንት አብረው ጌሾ የሚገዙ ወዳጇ ነበረች፤ ደንበኛ ልትወስጂብኝ ነው ብትላት አዎ ብላታለች። አስረስም ሲያያት ራሱ ተነሥቶ እፍ አላት። ሳትናገረው በአንድ ጃንጥላ ይዛው መጣች። በሩ አጠገብ ተቀመጠና፣ ወዳጄን በዚያ ድምፅ ሸኙት አለና ሰው ፊት አለቀሰ። ሁላችንም አለቀስን፤ ጓድ ወጋየሁም ጭምር።

መስከረም ጠባ። አሥረኛው የአብዮት በዓል ነበርና መንገዱ ሁሉ ቀይ ሆኗል፤ ደምሰው ቅስት ሲቀባ ከርሞ ጆሮው ሳይቀር ቀይ ነው። ከበዓሉ ቀጥሎ በመጣው እሑድ ዕድሩ ተሰበሰበ። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ደምሰው ከድጃን ለምኗት ነበር፤ ስለ ሐምሌዋ አንድ ቀን ዝም ብትይ ምን ይጎዳል ብሎ። ከድጃም ይህ ሁሉ ሰው ስድስት ወር እፍ ያለልኝ እንድዋሽ ነው ወይ አለችው። አስረስ አልለመናትም።

አቶ ኦልጅራ ምስክር አሉ። ከድጃ ከወንዶቹ መሐል ተነሣች፤ ሻሿን አስተካከለች።

"ሐምሌ አሥራ አራት ቀን ሸቷል" አለች። "በሩ ላይ ከተቀመጥኩ ወዲህ ከዚያ በፊት አልሸተተም፤ ከዚያም ወዲህ እስከ ትናንት አልሸተተም።"

ሰዉ አጉረመረመ። ፍርዱ ስድስት ወር ነው፤ ስድስት ወር ደግሞ አልሞላም። አስረስ ነጭ ቅንድቡን ይዞ ቆሟል፣ አንገቱን ደፍቷል። አቶ ኦልጅራም፣ የተበደለችው ውዳሴ ናትና እሷ ትናገር አሉ። ውዳሴ ከኋላ ተነሣች። እሷ ይሰረዝ ብትል ማንም አይፈርድባትም።

"የፊታችን ዓርብ የእናቴ መንፈቅ ነው" አለች። "የሚጎዳውን እውነት ፊቱ አስመስክሯል፤ እኔ ከዚህ በላይ አልፈልግም። ያኔ ያልነፋላትን አሁን ይንፋላት።"

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ያን ድምፅ ሰማሁት። አንዴ ረዘም አድርጎ ነፋና ዝም አለ። በመንፈቅ ጡሩምባ መነፋት ወግ አልነበረም፤ መንደሩ ግን ወንዙን ተሻግሮ ሄደ፤ የእማማ አሰገደች ግቢ ሰው አላነሰውም። ውዳሴ የእናቷ ስም በመንደሩ ሲጠራ ደጃፏ ላይ ቆማ አደመጠች።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ተኩል አለፈ። አስረስ ነፋ፤ ስም ሳይሳሳት ነፋ። ማኅበሩ ወደ አሥራ አንድ ሰው ደረሰ፤ በመንደራችን ሰው ቀልድ ሲያምረው፣ አስረስ ሆይ ዛሬ ደግሞ ማንን ገደልክ ይለዋል። እሱም ይስቃል። ወርቅዬ እሷን የሚጠይቅ ሲመጣ፣ ሞቼ ተነሥቼ ነው ትላለች።

1980 ጥር ላይ አንድ ጠዋት ጡሩምባው ተነፋ። ረዘም ብሎ ተነፋና ዝም አለ። ተነሥቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። አስረስ ደጄ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ወይዘሮ ወርቅዬ ዐርፈዋልና ዕድርተኛ ሆይ ውጣ፣ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ሀና ማርያም ነው አለ።

ሳቅኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩ። ደምሰው ከአልጋው ሳይነሣ ያ ሰው ተመልሶ ገባበት አለ። ከግራ ከቀኝ ጎረቤቱ ሲስቅ ይሰማል፤ አንዱም በሩን አልከፈተም። ሌሊት ልቧን ይዟት እንደ ነበረ፣ አስረስም ጎህ ሲቀድ ለሻይዋ ውሃ ሊቀዳላት ሲሄድ እንዳገኛት እኛ ምን እናውቃለን? ትናንት ማታ ደኅና እደሪ ብላኝ የገባች ሴት ናት።

ተናድጄ በሩን ከፈትኩ። አስረስ ጡሩምባውን በብብቱ ይዞ ቆሟል። ጎንበስ አለና ፊቴ ላይ እፍ አለ። የሸተተኝ የመፋቂያ እንጨት ብቻ ነው። በሕይወቴ ምነው ሰው ጠጥቶ በሆነ ብዬ የተመኘሁት ያን ጠዋት ነው።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁና አብሬው ዞርኩ። በየደጁ እናንኳኳለን፤ እየሳቁ ይከፍታሉ፤ እሱ እፍ ይላል፤ እኔ እያለቀስኩ አሽትቼዋለሁ እውነት ነው እላለሁ፤ ሳቃቸው ፊታቸው ላይ ይቀራል። ደምሰው፣ ውዳሴ፣ ጓድ ወጋየሁ ሁሉም እንዲህ ነው የሰሙት። የመጨረሻው የከድጃ ደጅ ነበር። አስረስ እንደ ሌላው ቤት ሁሉ ጎንበስ ብሎ ትንፋሹን ሊሰጣት ቀረበ። ከድጃ አፉን በእጇ ቀስ አድርጋ ከለከለችውና፣ "አንተን አምናለሁ" አለችው። ከዚያ ነጠላዋን ደረበችና ከእኛ ፊት ፊት ወደ ወርቅዬ ቤት ሄደች።